በደራርቱ ስም

ደራርቱን በዚህ ዓለም እንደ ጥንስስ ሽታ የሚያንገሸግሻት ነገር አልነበረም። አባቷ የጉቶ ጊዳ ገበሬ ነበሩ። መሬታቸውን ቁራሽ በቁራሽ እየሸጡ ጠጥተው ከጨረሱ በኋላ በሰው እርሻ ዳር በተቀለሰች ጎጆ ውስጥ ሞቱ። ልጅ ሳለች፣ ከገበያ ሲመለሱ በሩ ሳይከፈት በሽታቸው ታውቃቸው ነበር። ያ ኮምጣጣ ሽታ ከጢማቸውም፣ ከጋቢያቸውም፣ ከሚያቅፏት ክንዳቸውም ሳይለቅ አብሯቸው መቃብር ወረደ።

ኋላ ነቀምቴ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል ቆጠረች። ለጋብቻ ስትደርስ ሽማግሌ ከላኩባት ሰዎች ሁሉ ጨመዳን መረጠች። ጨመዳ ያኔ መልክም ሀብትም አልነበረውም፤ ነገር ግን ጠብታ መጠጥ ከከንፈሩ ደርሶ አያውቅም። «ሌላው ይመጣል» አለቻቸው እናቷን። እንዳለችውም መጣ። ጨመዳ ከወለጋ ከተሞች ቡና እየሰበሰበ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ሆነ፤ በባኬ ጃማ ሰፈሩ ጸሎት ቤትም ለሽማግሌነት ተመረጠ። እሷ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ሆነች። ልጃቸው ቀነዓ አዲስ አበባ ኮሌጅ ገባ። በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ይህ ሁሉ ነገር ሲመጣ፣ ነቀምቴ ውስጥ «እንደ ጨመዳ ቤት ያድርግህ» ተብሎ ይመረቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ድርቤን ከቅዱስ ቁርባን አገዱ። ድርቤ ባሏ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ከሞተ ወዲህ በገበያ ቀን ጠላ እየሸጠች አንዲት ልጇን የምታሳድግ ሴት ናት። ውሳኔውን እንዲነግሯት የተላኩት ሞረዳ የተባለው ሽማግሌና ደራርቱ ነበሩ። ሞረዳ ከደጃፉ እንደ ደረሰ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫው ላይ ለጠፈ፤ እስኪወጣም አላነሣውም።

«ይህን ብተው ምን እበላለሁ?» አለች ድርቤ።

«እግዚአብሔር ያሳድራል» አለ ሞረዳ ከመሐረቡ ሥር።

ደራርቱ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። የጋኖቹ ሽታ አስጨንቋት ስለነበር ሐሳቧ ሁሉ ቶሎ መውጣት ነበር።

ድርቤ እንደ ምንም ለጥቂት ጊዜ ታገለች። ከዚያ ልጇን የምሥራችን የአርጆ ቄስ ልጅ፣ አንድ አስተማሪ፣ ለጋብቻ ጠየቃት። የልጁ አባት ግን «እናቲቱ ከቁርባን እንደ ታገደች ከሆነ ሠርጉ ይቆይ» አሉ። ያን ጊዜ ድርቤ ጋኖቿን ሸጠች፤ በመጪው እሑድ በምእመናን ፊት ቆሜ ንስሐ እገባለሁ ብላም ወደ ሽማግሌዎቹ ላከች።

ከዚያ እሑድ በፊት በዋለው ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት፣ አንድ እንግዳ ከአዲስ አበባ መጥቶ የጨመዳን በር አንኳኳ። ጨመዳ ቡና ሊገዛ ኑኑ ቁምባ ሄዶ ስለነበር ደራርቱ ራሷ ከፈተች። ክራባት ያሰረ፣ የመንገዱ አቧራ ቅንድቡ ላይ የተኛበት፣ ሳቂታ ሰው ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ሸጉጧል።

«አካም ጅርቱ፣ ወይዘሮ ደራርቱ!» አለ፣ ኦሮምኛው አፉ ውስጥ እየተንገዳገደ። «እሸቱ እባላለሁ።»

«ደኅና ነዎት?» አለችው በአማርኛ። «ባለቤቴ የሉም። ነገ ይመለሳሉ።»

«እኔማ የመጣሁት እርስዎን ፈልጌ ነው።»

ምን ይሆን ብላ እያሰበች አስገባችው፤ እንግዳ በምሳ ሰዓት ጾሙን አይመለስምና እጁን አስታጠበችው፣ ጎመንና አይብ በቅቤ አቀረበችለት። እሸቱ በደንብ የሚበላ ሰው ነበር። ሁለት ሦስት ጉርሻ ካወረደ በኋላ ጋዜጣውን ፈትቶ አንድ ጠርሙስ ቢራ አወጣና ከመሶቡ አጠገብ አቆመው።

«ከፋብሪካችን የተላከ ነው። እንኳን ደስ ያለዎት!»

ደራርቱ ዓይኗ ከጠርሙሱ ላይ ቀረ። በዚህ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ አያውቅም። «ቤት ተሳስተው ይሆናል» አለችው። «እኛ ቤት መጠጥ አይገባም።»

«መጠጣትዎንማ ይተዉት፣» ሳቀ እሸቱ፣ «የሚያተርፈውስ የማይጠጣው ነው! እርስዎ ባለአክሲዮን ነዎት። እንዲያውም ከወለጋ ካሉን ባለአክሲዮኖች ትልቋ እርስዎ ነዎት።»

«ምንድን ነኝ?»

እሸቱ መብላቱን አቁሞ አያት። የምታፌዝ መስሎት ነበር፤ እንዳልሆነ ሲረዳ ግን እንደ መምህር ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«አክሲዮን ማለት ድርሻ ነው፣ እመቤቴ። ቅርጫ ያውቁ የለ? አንድ በሬ ለአንድ ሰው ሲከብድ ብዙ ሰው ተዋጥቶ ይገዛዋል። ፋብሪካም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ፣ የኛ በሬ አይታረድም። እያረሰ ይኖራል፤ ባረሰ ቁጥር ከምርቱ ለየባለ ድርሻው ይደርሰዋል። እሱ የትርፍ ድርሻ ይባላል። ድርሻዬን ልሽጥ ያለም ይሸጣል። አዲስ አበባ ገዥና ሻጭ የሚገናኝበት ቦታ አለን፤ አገናኙ እኔ ነኝ። ደላላ ነኝ ማለት ነው፤ የከብት ሳይሆን የወረቀት።» አይቡን በእንጀራ ጠረገ። «ፈላጊ ሲበዛ የአክሲዮኑ ዋጋ ይወጣል፣ ፈላጊ ሲጠፋ ይወርዳል። የእርስዎ ወጥቷል። ከተገዛበት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።»

«ፈላጊ የበዛው ለምንድን ነው?» አለች ደራርቱ። ድምፅዋ ለራሷም የራቃት መሰላት።

«ጠጪ ስለ በዛ ነዋ! ጊምቢ ብትሉ፣ ደምቢ ዶሎ ብትሉ፣ ሻምቡ ብትሉ፣ ጭነን አንዘልቀውም። በተለይ እዚህ ነቀምቴ።» ወደ እሷ ጎንበስ አለና ደስ የሚል ሚስጥር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ከተማ ጠላ ጠማቂዎቹን ሴቶች ሃይማኖተኞቹ መጥመቁን ያስተዉአቸዋል አሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው! ጠላ ቤት ሲዘጋ ጠጪው መጠጡን አይተውም፤ ወደ ጠርሙስ ይዞራል። ለኛ ይኸ ሲሳይ ነው።»

የጣቶቹ ጫፍ በቅቤ ያብለጨልጫል። አንድ በአንድ ላሳቸው። ደራርቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

እሸቱ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። በቅርቡ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ እንደሚደረግ፣ እዚያ እያንዳንዱ አክሲዮን ድምፅ እንዳለው፣ እሷ አዲስ አበባ ድረስ እንዳትንገላታ ድምፅዋን ለባለቤቷ በውክልና ብትሰጥ እንደሚበቃ ነገራት። ወረቀቱ ላይ ከላይ ስሟ ነበር። ደራርቱ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የአባቷ ስም ጭምር፣ በግልጽ ተጽፏል። እኒያ ሰካራም አባቷ ቢራ ፋብሪካ መዝገብ ላይ ገቡ።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጨመዳ ወረቀቶች አምጥቶ «የቦታ ጉዳይ ነው፣ እዚህ እዚህ ፈርሚ» ብሏት ነበር። ፈርማለች። መጻፍ መቻሏ ያኮራት ስለነበር፣ ምን እንደምትፈርም ሳይሆን ፊደሏ ማማሩን ነበር ያየችው።

«ባለቤቴ ሲመጡ እንነጋገራለን» አለችው እሸቱን። እሱም ሆቴል ማረፉን ነግሯት፣ አመስግኖ፣ ወረቀቱንም ጠርሙሱንም ትቶ ሄደ።

ጠርሙሱን ወደ ጓሮ ወስዳ ቢራውን ጎመኑ ሥር ደፋችው። አረፋው አፈሩ ላይ እየተንጫጫ ሰመጠ። ሽታው ወደ ላይ ሲወጣ የአባቷ ክንድ አንገቷን ያቀፋት መሰላት።

ጨመዳ በማግሥቱ ዓርብ ከሰዓት ደረሰ። የቡናው ገለባ ልብሱ ላይ እንዳለ ነበር። ደራርቱ ውክልናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆማ ጠበቀችው።

«አባ ቀነዓ፣ እኔ ቢራ ሻጭ ነኝ ወይ?»

ጨመዳ ወረቀቱን አየው። ይደነግጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ኮቱን አወለቀ፣ አራገፈ፣ ሰቀለ፣ ከዚያ ተቀመጠ።

«ይኼ እሸቱ አፉ አያርፍም። እኔን ቆይ ብዬው ነበር።»

«ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

«ሃዳ ቀነዓ፣» አላት፤ የቀነዓ እናት ማለቱ ነው፤ ሲያባብላት እንደዚያ ነው የሚጠራት። «እስቲ ቁጭ በዪ። ገበሬ ጤፉንም በቆሎውንም ይዘራል። ጤፉን ዋግ ቢመታው በቆሎው ያበላዋል። ገንዘብም እንደዚያው ነው፤ አንድ ማሳ ላይ አይዘሩትም። ባንክ ውስጥ አክሲዮን አለን፣ ስኳር ውስጥ አለን፣ መድን ውስጥ አለን። ቡና ዋጋው ሲወድቅ በምን የምንኖር መሰለሽ? ቀነዓስ በምን የሚማር መሰለሽ? ከሁሉ ግን የሚያፈራው ቢራው ነው። እኔ ምን ላድርግ? ማሳው እሱ ሆነ።»

«ድርቤን በምን አገዳችኋት ታዲያ?»

«እሷ ጠላ ጠምቃ በቤቷ ትሸጣለች። ይኼ ወረቀት ነው። እዚህ ቤት ጋን አለ? ጌሾ አለ? ሰካራም በደጃችን ይንከባለላል? ወረቀት አያሰክርም፣ ደራርቱ።»

«በኔ ስም ለምን ሆነ?»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ። ስሜ በየቦታው ይነሣል። የሴት ስም ማን ያነሣል?»

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበር የተናገረው። ያ ነው ይበልጥ ያስደነገጣት። ጨመዳ ግን የገባት መስሎት ሊያጽናናት ብሎ ጨመረበት።

«ለኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። ለጸሎት ቤቱ ጣሪያ የተዋጣውም እዚያው ነው ያለው። ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራል? እዚያ ግን ይወልዳል።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሞረዳ ያውቃል። እሱም ገዝቷል።»

ደራርቱ የሞረዳን መሐረብ አሰበች። ባሏን አየችው። ሃያ ዓመት ያመነችበትን ያንን ንጹሕ ከንፈሩን አየችው። ከተጋቡ ጀምሮ አንቱ ነበር የምትለው፤ በዚያች ሰዓት ግን አንደበቷ ሳታዘው ዞረ።

«አንተ፣ ድርቤን ያስወጣሃት ጠጪው ወደ ጠርሙስ እንዲዞር ነው?»

ጨመዳ «አንተ» መባሉን ሰምቶ ብድግ አለ። መልሱ ግን ዘገየ። ደራርቱ ያንን መዘግየት እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

«ያስወጣት ኃጢአቷ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ከዚያም ሊታጠብ ወደ ጓዳ ገባ።

እሑድ ጸሎት ቤቱ ሞላ። ድርቤ ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ቆመች። ልጇ የምሥራች ከኋላዋ በመጀመሪያው አግዳሚ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። የአርጆው ቄስ፣ የሙሽራው አባት፣ ለምስክርነት መጥተው ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጠዋል። የጸሎት ቤቱ አገልጋይ ቄስ ዋጋሪ ድርቤን «ተናገሪ» አሏት።

«ጋኖቼን ሸጫለሁ» አለች ድርቤ። «በድያለሁ። ይቅር በሉኝ፤ መልሱኝ።»

ቄስ ዋጋሪ ወደ ምእመናኑ ዞረው «ይቅር ትሏታላችሁ ወይ?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ በሴቶቹ ወገን ደራርቱ ተነሣች።

«አንድ ነገር አለኝ» አለች። «እኔም የመጠጥ ባለቤት ነኝ። የቢራ ፋብሪካ ድርሻ በስሜ ተገዝቷል፤ ቤቴም በእሱ ይኖራል። ድርቤ የሸጠችው በጣሳ ነው፤ የኔ በጭነት መኪና ነው የሚሸጠው። እናንተም ለጣሪያው ያዋጣችሁት እዚያው ገብቷል። ድርቤን ካገዳችሁ እኔንም አግዱኝ። እኔን የማታግዱ ከሆነ ግን እሷን በምን አገዳችኋት?»

የተናገረችው በኦሮምኛ ነበር፤ በኦሮምኛ ድርሻ «ቆዳ» ይባላል። ከሸዋ የመጣ አንድ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ አጠገቡ ወዳለው ሰው ጎንበስ ብሎ «የከብት ቆዳ ነው እንዴ?» አለ።

ጨመዳ ፊቱ አመድ መሰለ። ሞረዳ ግን ተነሣ። ረጋ ብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ እኅታችን ልቧ ንጹሕ ስለሆነ ነው የተጨነቀችው አለ። አክሲዮን መጠጥ እንዳልሆነ፣ ባለአክሲዮን ፋብሪካውን እንደማያዝ፣ ትርፉ ሲመጣ ከየት እንደ መጣ ገንዘቡ ላይ እንዳልተጻፈ አስረዳ።

ከኋላ በኩል ጆቴ የሚባል ባለ ወፍጮ እጁን አወጣ። ደራርቱ ተግሣጽ ይመጣል ብላ ጠበቀች።

«ይኼ የትርፍ ድርሻ የምትሉት፣» አለ ጆቴ፣ «የሚከፈለው በዓመት ስንት ጊዜ ነው?»

አንዳንዱ ሳቀ። ሞረዳ መለሰለት። ሌላው ተነሥቶ ዋጋው ወርዶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ። ሌላዋ፣ ከደራርቱ ጋር በማኅበር የምትቀመጥ ሴት፣ ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መግዛት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ጥያቄው ከዚህም ከዚያም በዛ። የጨመዳ ፊት ቀስ በቀስ ደም ሞላው፤ ተነሥቶ ያብራራ ጀመር። ስለ ጤፉና ስለ በቆሎው ዓርብ ለእሷ የነገራትን ቃል በቃል ደገመላቸው።

ቄስ ዋጋሪ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። አሁንስ ይገሥጻሉ አለች ደራርቱ በልቧ።

«የጣሪያው ገንዘብ፣» አሉ ቄስ ዋጋሪ፣ «አድጓል ወይ?»

«አድጓል፣ አባ። ክረምቱ ሳይገባ ሳንሠራው አንቀርም» አለ ጨመዳ።

ከሴቶቹ መካከል አንዷ እልል አለች።

ደራርቱ ቆማ ነበር። ከእሷ ሌላ የቆመች ድርቤ ብቻ ናት፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ከፊት፣ የጠየቀችውን የሚመልስላት አጥታ። ሰዓቱ ረፍዶ ስለነበር ቄስ ዋጋሪ ባረኩና ሕዝቡን አሰናበቱ። ስለ ድርቤ ያነሣ አልነበረም።

ደጅ ሲወጡ ድርቤ የደራርቱን ክንድ ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ሳበቻት። ወትሮ «አዴ ደራርቱ» ነበር የምትላት፤ ታላቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው። አሁን ግን ስሟን ባዶውን ጠራች።

«ደራርቱ፣ ለኔ ብለሽ ነው የተነሣሽው?»

«እውነቱ መነገር ስላለበት ነው። አንቺን ሲያዋርዱሽ—»

«ለመዋረድ ነበራ የመጣሁት!» አለች ድርቤ። «አስቤበት፣ ጋኖቼን ሸጬ፣ ልጄን አስከትዬ መጣሁ። ትንሽ ቆይቼ አልቅሼ እወጣ ነበር፤ የልጄ የሠርግ ቀን ይቆረጥ ነበር። እውነትሽን ሰኞ ብትናገሪው ምን ነበረበት? ኅዳር ላይ፣ ከዚያ ሰውዬ ጋር ቤቴ ቆመሽ ራስሽን ስትነቀንቂ፣ ያን ጊዜ የት ነበር እውነትሽ?»

ደራርቱ ክንዷን ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ድርቤ ወደ ኋላ አለች።

«ኃጢአቴን እንኳ ቀማሽኝ» አለች ድርቤ። «የአርጆው ቄስ ነገሩ አላለቀም ብለው በከሰዓቱ መኪና ሊመለሱ ነው። የምሥራችን ምን ልበላት?» ነጠላዋን አጠንክራ ጠምጥማ ሄደች።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ሰው ወደ ጨመዳ ቤት ይመላለስ ጀመር። ጆቴ መጣ። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ መጣ። ከማኅበሯ ሴቶች ሁለቱ ከባሎቻቸው ተደብቀው መጡ። እሸቱ ወደ አዲስ አበባ መመለሱን አዘግይቶ ሳሎኑ ውስጥ እንደ ቤተኛ ተቀመጠ። እንግዳ ነውና ደራርቱ ታስተናግዳለች፤ ወደ ጓዳ ስትመለስ ግን እጇን ትታጠባለች፣ ደግሞ ትታጠባለች። ከዘጋችው በር ወዲያ «ዋጋው ሳይወጣ» «ቶሎ ካልገዛችሁ» የሚለው ቃል እንደ ዝንብ ይሰማታል። ምግብ አልወርድ አላት፤ የምትቆርሰው እንጀራ ሁሉ እርሾው የጥንስስ ሽታ ይሸታታል።

ረቡዕ ዕለት እንግዶቹ ሲወጡ ጨመዳ እጆቹን እያፋተገ ወደ ጓዳ መጣ።

«እኔ ተቆጥቼሽ ነበር» አላት። «እሸቱ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ከእኔ የበለጠች ደላላ ቤትህ አለች ነው ያለኝ። በአንድ ጠዋት እሱ በዓመት የማይሸጠውን ሸጥሽለት።» ሳቀ። ጥርሱ ነጭ ነው፤ አጫሽ አይደለም፣ ጠጪ አይደለም።

ደራርቱ ሳህኑን አስቀመጠች። «የድርቤ ነገር እንዲያልቅ እፈልጋለሁ። በዚህ እሑድ።»

«ሽማግሌዎቹ ቢሰበሰቡ—»

«ሽማግሌዎቹ አንተና ሞረዳ ናችሁ።»

ጨመዳ ጥቂት አሰበ። ወደ ሳሎን ሄዶ ውክልናውን ይዞ ተመለሰና እሳቱ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ብዕሩንም ከጎኑ አኖረው። ሲናገር ለስለስ ብሎ ነው።

«ጉባኤው ደርሷል። አንቺ ስትፈርሚ እኔም ልቤ ያርፋል፤ ልቤ ሲያርፍ የድርቤን ነገር እጨርሳለሁ። ባልና ሚስት ነን፤ አንዳችን ለአንዳችን።»

«በራስህ ስም አዙረው። ያን ልፈርምልህ።»

«አይሆንም።»

«የራስህ ስም ከኔ ስም በምን ይበልጣል?»

«ሽማግሌ ነኝ አልኩሽ እኮ» አለ ጨመዳ፣ የገባትን ነገር ደጋግማ እንደምትጠይቅ ልጅ እያያት።

ደራርቱ ብዕሩን አነሣች። የጨመዳ እጅ ሙቀት ገና ከላዩ አልጠፋም ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዳስተማሯት፣ ፊደሉን ሳታጣምም፣ ስሟን ጻፈች። ጨመዳ ወረቀቱን አንሥቶ ቀለሙ እንዲደርቅ ኡፍ አለበት። ትንፋሹ ፊቷን ነካት፤ ራሷን ወደ ኋላ ሳበች።

በመጪው እሑድ ቄስ ዋጋሪ ማስታወቂያ ሲያነቡ፣ በመዘምራን ልምምድና በአንድ የጠፋች ላም መካከል፣ ድርቤ ወደ ቁርባን መመለሷን አነበቡ። ድርቤ እንድትቆም እንኳ አልጠየቋትም። ቁርባን ሲደርስ ወጥታ ተንበረከከች። ጨመዳም ተንበረከከ፣ ሞረዳም ተንበረከከ። ደራርቱ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

ሠርጉ በየካቲት ተደረገ። ድርቤ ግቢ ውስጥ ዳስ ተጣለ፤ ብርዝ ተበጠበጠ፣ በሬ ታረደ። በሬውን የሰጠው ጨመዳ ነው። ሽማግሌዎቹ ስጦታ ሲያስነግሩ «ከአቶ ጨመዳና ከባለቤቱ ከወይዘሮ ደራርቱ» ተባለ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ደራርቱ ወደ ዳሱ ጥግ፣ ዕቃ አጣቢዎቹ ሴቶች ወዳሉበት ሄዳ ተቀመጠች። የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢነቷን ከጥቂት ሳምንት በፊት በሕመም አሳብባ ትታዋለች፤ ቦታዋን የሞረዳ ሚስት ይዛዋለች።

ድርቤ ቀኑን ሙሉ ስትራወጥ ቆይታ፣ ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ፣ ወጥ የወጣበት ትሪ ይዛ መጣችና አጠገቧ ቁጭ አለች። ከዚያ እሑድ ወዲህ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። ድርቤ አላመሰገነችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችም። ትሪውን በመካከላቸው አኖረች።

«ለምንድን ነው ቁርባን የማትወስጂው?» አለቻት። «ማን አገደሽ?»

«ማንም አላገደኝም» አለች ደራርቱ። «ለዚያ ነው።»

በዳሱ ማዶ ሞረዳ ከወንዶቹ መካከል ተነሥቶ እጁን እያውለበለበ «ባለ ፋብሪካዋ! ምነው ከኛ ራቅሽ?» አለ። ዙሪያው ያሉት ሳቁ፤ ጨመዳም ሳቀ።

«አትመልሺለት» አለች ድርቤ። «ይልቅ ብዪ፤ ከስተሻል።»

ደራርቱ እንጀራውን ቆረሰች። በወጡ ነክታ ወደ አፏ አቀረበችው። ሥጋው በስሟ ከተሰጠው ከዚያ በሬ ነው። ቁራሹን ለረጅም ጊዜ በእጇ ይዛው ቆየችና ከትሪው ዳር መልሳ አስቀመጠችው።